ልብስ የማያበላሸው ቅባት

ጠጋ በይ እስቲ ሁዊዢን፣ አግዳሚው ለሁለታችን ይበቃል። ይህን ጥቅል ወደዚህ ላዙርልሽ… ግድ የለም፣ ጨርቅ ነው፣ አይሰበርም። በእጅሽ ብቻ አትንኪው፣ ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ። እንዴት ነሽ ታዲያ? ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ጨርሶ ረሳን። ወንዙ ዳር ያሉት የሎንጋን ዛፎች ፍሬያቸው አተር አክሎ ቀረ አሉ። እንኪ፣ ሱፍ ቆርጥሚ፣ ትኩስ ነው፤ አውቶብስ ማቆሚያው ጋ ከምትቆላው ሴትዮ ነው የገዛሁት። ልጣጩን መሀረቤ ላይ አድርጊው። እዚህ ቤት መሬት ላይ አይጣልም፣ ወለሉ ፊት ያሳያል።

ያቺ በሩ ላይ ስልኳን የምትነካካው ሩላን ናት እንዴ? ውይ፣ እንዴት አድጋለች። አዝለሻት ገበያ ስትወርጂ ትናንት ነው የሚመስለኝ። በዚህ ሙቀት ግን እጅጌዋ እስከ ጣቷ… አይ፣ ተይው፣ ገብቶኛል። የእናት ሆድ ምን እንደሚመስል እኔ አላጣውም። ሠርጉ ከመኸር ጨረቃ በዓል በኋላ ነው አይደል? የልጁን እናት አውቃታለሁ፣ የሻይ ነጋዴዋ አይደለችም እንዴ? ጥሩ ሴት ናት። ዓይኗ ብቻ ትንሹን ሁሉ ያያል። የሌላ ሰው ቤት ገብታ የትራሱን ስፌት የምታገላብጥ እሷ ናት አሉ።

ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ ነው የምትይኝ? ለምን? መጋረጃው ስስ መሆኑን፣ ወረፋተኛውም ሁሉ ጆሮውን መጣሉን መች አጣሁት። ባለመድኃኒቱ፣ እሳቸው፣ ከመጋረጃው ኋላ መሆናቸውንም አውቃለሁ። እኔ እኮ ላወራ የመጣሁት ሙገሳ ነው። ሙገሳን ባለቤቱ ቢሰማው ምን ይጎዳል?

ቤቱን ግን አየሽልኝ? የድሮ መድኃኒት ቤት ታስታውሻለሽ፤ መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር ሥሩ፣ ቅርፊቱ፣ የደረቀው አበባ አፍንጫሽን ይዞ የሚያስነጥስሽ። ባለመድኃኒቱ ጥፍሩ ጠቁሮ፣ ጢሙ ላይ ብናኝ ሰፍሮ። ደጃፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ታማሚው ሁሉ ያፈላውን የመድኃኒት አተላ መንገድ ላይ ይደፋ ነበር፣ አላፊ አግዳሚው ረግጦ በሽታውን ይዞለት እንዲሄድ። እኔ ልጅ ሆኜ ጫማዬን እየጠረግሁ ነበር ቤት የምገባው። ዛሬ ከአውቶብስ ማቆሚያው እስከዚህ በር ድረስ ስመጣ ግን አንዲት ቅጠል አልረገጥሁም። እንዲህም ንጽሕና አለ? መድኃኒት መድኃኒት የማይሸት መድኃኒት ቤት ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ስሚ እስቲ… ትሰሚያለሽ? እየወቀጡ ነው። የነሐስ ሙቀጫ ነው፣ ከቤተሰብ የወረሱት ይላሉ። ድምፁ እንዴት ያምራል፣ የቤተ መቅደስ ደወል ነው የሚመስለው። እኔ ቤት ሥር ስወቅጥ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰማው፣ ዱብ ዱብ ይላል እንጂ እንዲህ አይጠራም። የሳቸው በጣም ቀላል መድኃኒት መሆን አለበት፤ ሙቀጫው ውስጥ ያለ እስከማይመስል ድረስ።

እነዚህን ቀያይ ሰንደቆችስ አየሻቸው? ግድግዳው አልበቃ ብሎ ጣሪያው ሥር ደርሰዋል። የዳነ ሰው ለሐኪሙ በወርቅ ፊደል አጽፎ ማምጣቱ ደግ ልማድ ነው። አንብቢው እስቲ ያንን፣ "ለተአምረኛ እጆች" ይላል። ከሥሩ ደግሞ የላኪው ስምና አገር አለ። ያኛው ከበረሃው ዳር ነው፣ ይሄኛው በረዶ ከማይጠፋበት ከሰሜኑ ጫፍ። ሰው ከዚያ ድረስ መጥቶ ዳነ ማለት ነው። የኛ መንደር ሰው ግን አንድም የለበትም፣ የወንዙ ማዶም የለም። ምናልባት እኛ ምስጋና አናውቅ ይሆናል። ሌላው የገረመኝ፣ ታማሚዎቹ አገራቸው እንዲህ ተራርቆ አንድ ሰፊ ጋ መገናኘታቸው ነው። ዘርፉን እይው፣ ሁሉም ላይ ከግራ በኩል አጠር ብሏል።

አንቺ ለምን እንደመጣሽ አልጠይቅሽም። ዶክተር ፋን ጋ ሄዳችሁ ነበር አይደል? የሆስፒታላችን የቆዳ ሐኪሟ፣ ያቺ መነጽሯ ከፊቷ የሚሰፋው ልጅ። ምን እንዳለቻችሁ ልንገርሽ? ለሁሉም የምትለውን ነው። "ሶሪያሲስ ነው፤ እናንተ የበሬ ቆዳ የምትሉት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፣ ግን አርፎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል።" ከዚያ የብርሃን ሕክምናውን ትነግራችኋለች፣ የሚቀባውን ትነግራችኋለች። የኛን ነገር፣ ሰማያዊውን የቀለም ዱቄት፣ ከጠየቃችኋት ደግሞ፣ "የችንግዳይ ቅባት ሊረዳ ይችላል፣ ጥናት አለው፣ ጥናቱ ግን ብዙ አይደለም፣ ሁሉንም ሰው አይረዳም፣ ልብስም ያበላሻል" ትላለች። ሊረዳ ይችላል… ምናልባት… ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ምናልባት ይላል እንዴ? እዚህ ቤት እኮ ምናልባት የሚባል ነገር የለም። ከሥሩ ይነቀላል፣ አለቀ። ለሠርግሽ ትደርሻለሽ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ እርግጠኛ ሰው እያለ ሆስፒታል መንከራተት ምን ይሠራል?

የልብሱ ነገር ነው ያሳሰበሽ። እውነትሽን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከችንግዳይ ጋር ኖሬያለሁ፣ አመሉን አውቃለሁ። የቀለም ቅጠሉን ጉድጓድ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ታበሰብሺዋለሽ፣ ኖራ ጨምረሽ በእንጨት ትደበድቢዋለሽ፣ ያን ጊዜ ላዩ ላይ ሰማያዊ አረፋ ይነሣል። ያንን አረፋ ገፍፈሽ፣ አጥበሽ፣ ስታደርቂው የሚቀርሽ ዱቄት ነው ችንግዳይ። ዱቄቱ አፍሽን ሸፍነሽ እንኳ ምራቅሽ ውስጥ ይገባል። እና ሩላን ይህንን በዘይት ለውሳ ክርኗ ላይ ቀብታ፣ በቀይ የሠርግ ብርድ ልብስ ላይ ስትገላበጥ… ጠዋት አማቷ መጥታ ብርድ ልብሱን ስታነሣ… ይታየኛል። እዚህ ቤት ያለው ቅባት ግን ምንም አያበላሽም። እንደ ጥርስ ሳሙና ነጭ ነው። ችንግዳይ ነው ይሉሻል፣ ግን ነጭ ነው። ዶክተር ፋን ቀለሙን ቀንሰው የሚያጣሩትም ዓይነት አለ ብላኛለች፤ እሱም ቢሆን እንደ ወተት አይነጣም አለችኝ። ልጅቷ የዚህን ቤት ጥበብ ስላላየች ነው።

ያ በመስታወት የተሰቀለው ወረቀት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጥናቱ ነው። ባሕሩ ማዶ ያሉ ሐኪሞች የሠሩት ነው፣ አንዱን ቅጂ ዶክተር ፋን አንብባልኛለች። የታማሚዎቹን አንድ ክንድ ችንግዳይ የገባበት ቅባት ቀቡት፣ ሌላውን ክንድ ባዶውን ቅባት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሲያዩት የችንግዳዩ ክንድ ተሻለው፤ ቅርፊቱ ሳሳ፣ መቅላቱ ቀነሰ። የሁሉም አይደለም፣ የብዙዎቹ። እኔ ታዲያ ሞኝ ነኝና፣ ታማሚዎቹ የትኛው ክንዳቸው መድኃኒት እንደተቀባ እንዴት ሳያውቁ ቀሩ አልኋት። ሳቀችብኝ። አወቁ እንጂ፣ አንደኛው ክንዳቸው ሰማያዊ ሆኖ የለም እንዴ፣ ለዚህም ነው ውጤቱን በጥንቃቄ የምናነበው አለችኝ። ደግሞ ይህ ለሚቀባው ብቻ ነው፣ ማንም እንዳይውጠው ንገሪ፣ ጉበት ይጎዳል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሰውን ተስፋ ማስቆረጥ የምትወድ ልጅ ናት።

እሳቸው ግን እንደ እሷ አልፈሩም፣ ጥናቱን በፍሬም አሰቀሉት። ለችንግዳይ የመጣውን ምስጋና ስለ ችንግዳይ ሆነው ተቀበሉለት። ደግ አደረጉ፣ እሱ ራሱማ መጥቶ መቀበል አይችልም። ከዚህ ቤት እግሩን ካነሣ ቆየ።

እንዴት አወቅሽ አትበይኝ። በዚህ ሸለቆ ጉድጓዱን ያልደፈነ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፤ ሌላው ሁሉ ብርቱካን ተከለ። ይህ ቤት ድሮ በየመኸሩ ዱቄቱን ከኔ ነበር የሚወስደው፣ በቅርጫት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀረ። ሥራ ቀዝቅዞባቸው ይሆናል ብዬ አዘንሁ። በሚቀጥለውም ዓመት ቀረ። ሥራው ግን አልቀዘቀዘም፣ ይኸው ፎቅ ተጨመረበት። ያንን መደርደሪያው ላይ ያለውን የቅባት ብልቃጥ አገላብጪው እስቲ፣ አሁንም የመንደራችን ስም አለበት፣ የጉድጓዳችንም ሥዕል። ያቺ የመጨረሻዋ ቅርጫት እስከ ዛሬ እየበረከተች ነው ማለት ነው። እኔ ቤት ዱቄት እንዲህ በርክቶልኝ አያውቅም፣ ምስጢሩን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጉድጓድ ካነሣሁ አይቀር… ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታናሽ ወንድም እንደነበረው ታስታውሻለሽ? ታስታውሻለሽ እንጂ፣ አብረሽው ተምረሽ የለም እንዴ። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ገና የወተት ጥርሱ አልወለቀም ነበር። እናታቸው ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ አረፋ ስትገፍፍ ትውላለች፤ ስለዚህ ልጁ የኔ ነበር። ጀርባዬ ላይ ነው ያደገው። ካወረድሁት ሮጦ ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይነክራል። ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ ሰማያዊ ዝንጀሮ እያሉ ያስለቅሱታል።

አንድ ቀን እያለቀሰ መጣና እጁን በኖራ ሲፈገፍግ ደረስንበት። ቆዳው ደምቷል። እናቱ ምንም አልተቆጣችውም። የራሷን እጅ አጠገቡ ዘርግታ፣ "ይኸው የኔም እንዳንተ ነው። ገበያ መሃል ብትጠፋብኝ በምንህ የምለይህ ይመስልሃል? በእጅህ እኮ ነው" አለችው። ያን ጊዜ ኖራውን ጣለ። ከዚያ ወዲያ ገበያ በወረድን ቁጥር እጁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚሄድ፣ እንድታየው። እሷ ስትሞት እኔ ነኝ ያጠብኋት። የጥፍሯ ቀለም አልለቅ አለኝ፣ እንዳለ ቀበርናት።

ልጁ ከቀብሩ በኋላ ከተማ ወረደ። መጀመሪያ የሸክላ ንጣፍ ነገር ይሸጣል አሉን። ከዚያ ጠፋ። እኔ አሁንም እፈልገዋለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንዳንዴ እዚህ ቤት ስገባ ድምፃቸውን ስሰማ እሱ ይመስለኛል። መልካቸው ቁርጥ እሱን ነው። ግራ ቅንድባቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር፣ ልክ የኛ ልጅ ጉድጓዱ ዳር ካለው ድንጋይ ወድቆ ያመጣት ዓይነት ናት። ግን እሱ ሊሆን አይችልም። የእሳቸውን እጅ አይተሽዋል? የሩዝ ዱቄት ነው የሚመስል። ነጭ ጋውን ለብሰው ሲዘረጉት እጁ የት ላይ እንደሚጀምር አይታወቅም። የኛ ልጅ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረውም።

ሙቀጫው ቆመሳ… ደክሟቸው ይሆናል። ያረፉ እንደሆነ ይረፉ።

የኔን ሹቺን ታውቂያት የለም? እሷም እንደ ሩላን ነች፣ ክርኗና ጉልበቷ ላይ ወጣባት። እናቷ ጉድጓድ እያላት እዚህ መምጣቷ ይገርምሽ ይሆናል። ልጅቷ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ነው የምትሸጠው። ነጭ ሐር በሰማያዊ ጣት ማን ያስነካታል? አልፈረድሁባትም። እዚህ ስትመጣ ወረፋ እንኳ አላስያዟትም። ክፍያም አልተቀበሏትም፣ "አንቺማ የቤት ልጅ" ብለው በሁለት እጃቸው ብልቃጡን ሰጧት። ለምን የቤት ልጅ እንዳሏት እኔ እንጃ። ቸርነታቸው ይሆናል።

ውሸት አልናገርም፣ ቅባቱ ይሠራል። ጥቂት ቀን ሳይሞላ ክርኗ የሕፃን ክርን መሰለ። እኔም እዚሁ አግዳሚ አጠገብ ቆሜ ጎንበስ ብዬ አመስግኛለሁ። ዓመት ያህል ቀባችው። ከዚያ ቆዳዋ እየሳሳ መጣ፤ የደም ሥሯ ከላይ ይታያል፣ የቅርጫት ጫፍ ቢነካት ትደማለች፣ ክንዷ ሥር እንደወለደች ሴት ሆድ ተሸነታተረ። ጠየቅናቸው። አዲስ ቆዳ እየተተካ ነው አሉን። ተተካ እንግዲህ አልን። በዘመን መለወጫ በዓል እሳቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዱ፣ ቤቱ ተዘጋ፣ የሹቺንም ብልቃጥ አለቀ።

ከዚያ የመጣውን ለአንቺ ላውራልሽ ወይስ ይቅር? ሱፉን ብዪ ግድ የለም። በዓሉ ሳያልቅ ክርንም ጉልበትም መባሉ ቀረ። ከአንገቷ እስከ ጫማዋ ፍም ሆነች። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይወርዳል፣ መግል የቋጠረ ጠብታ ጠብታ ነገር አወጣች፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ልብስ ሥር ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ስልክ ደወልሁላቸው። ማዕበሉ ከኋላቸው ይሰማኛል፣ ልጆች ይስቃሉ። ምን አሉኝ? "ደስ ይበላችሁ፣ መርዙ እየወጣ ነው። ሆስፒታል እንዳትወስጃት፣ መርዙ ተመልሶ ይገባባታል።"

እኛም ደስ አለን። ምን እናድርግ፣ ደስ ይበላችሁ ተባልን እኮ። ልጄ ውኃ ውኃ እያለች ስታቃስት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ደስ ሲለኝ ዋልሁ። ርችት ከደጅ ይተኮሳል፣ እኔ በመሀረብ የቆዳዋን ልጣጭ ከአንሶላው ላይ እለቅማለሁ።  በመጨረሻ ልጄን ተሸክሞ ሆስፒታል ያስገባት ጎረቤቴ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እኔ መርዙ እንዳይመለስ ፈርቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዶክተር ፋን ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለችና ቃሏን አልጨረሰችውም።

ብልቃጡን ከኔ ተቀብላ ላቦራቶሪ ላከችው። መልሱ ሲመጣ አጠገቧ ነበርሁ። ችንግዳይ አለው? የለውም። ሥር? ቅጠል? ቅርፊት? የለም። ቫዝሊን፣ ትንሽ ሽቶ፣ እና ስቴሮይድ። ያውም ካሉት ሁሉ ኃይለኛው። ዶክተሯ ግን ፍትሐዊ ናት፣ መድኃኒቱን አልረገመችውም። እኛም እናዘዋለን አለችኝ፤ ስሙን ለታማሚው ነግረን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ለአጭር ጊዜ፣ እንዴት ቀስ እያሉ እንደሚያቆሙት አስተምረን። ስም ሳይነገረው ዓመት ሙሉ የቀባ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ነው እንዲህ የሚያደርገው አለች። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ብልቃጡ ላይ ከሰባት ትውልድ የወረደ ምስጢር ይላል አይደል? ሰባት ትውልድ ሙሉ ስቴሮይዱን የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ደብቀውት ኖሩ? እኔ እዚያው ቤት ተድሬ፣ እዚያው ቤት አርጅቼ፣ አንድም ቀን አልገፈፍሁትም።

አይ፣ አልከሰስሁም። እኔ ማንን እከሳለሁ? ዶክተር ፋን ግን ወረቀቱን ጤና ቢሮ አስገብታለች። ይመጣሉ ተብሏል። በዓል ነው፣ ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ይመጡ ይሆናል። እነሱ እስኪመጡ ወረፋው አለ። ሩላንም ወረፋው ላይ አለች።

አንቺን ተነሽ አልልሽም። እኔ ማን ነኝ? ደግሞ ለሠርጉ ቀን ያደርሳታል፣ ስለዚያ አትጠራጠሪ። ፎቶው ያምራል። እጅጌ የሌለው ቀይ ቀሚስ ታለብሺያታለሽ፣ አማቷ ክንዷን ይዛ ለዘመድ ታሳያታለች። ብልቃጡ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ምንም አያውቅም። ከዚያ እነሱ ቤት ውስጥ ያልቃል፤ አንቺ በሌለሽበት። እዚያ ቤት ደግሞ ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል ያደርሳት ይሆን፣ ደስ ይበልሽ ይሏት ይሆን፣ እኔ ምን አውቃለሁ?

ሹቺን? አለች፣ ተርፋለች። ከሆስፒታል ከወጣች ወራት ሆኗታል። የብርሃን ሕክምናዋን ታደርጋለች፣ ክርኗን ከኔ ዱቄት በዘይት ለውሳ ዶክተር ፋን በነገረቻት ልክ ትቀባለች። ትንሽ ይሻላታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይመለስባታል። ሐር መሸጡን ትታ ጥቁር ጨርቅ ወዳለበት ክፍል አዛወሯት። የሳሳው ቆዳዋ ግን እንደነበረው አልሆነም። ለእሷ ሲሆን ምናልባት የሚለውን ቃል ለምጄዋለሁ፣ አሁንማ ደስ ይለኛል።

ልጁስ ያውቃል? ሙሽራው… እ? ሩላን ራሷ ነገረችው? መቼ? … እና ምን አለ? … ክንዷን ይዞ "ያማል?" ብሎ ብቻ ጠየቃት? ሌላ ምንም? ታዲያ ሁዊዢን፣ እሱ ካወቀ፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን ከማን ነው የምንደብቀው? ከትራስ ስፌት? ብርድ ልብሱን ስጪኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነክሬ ሰማያዊ አድርጌ እመልስልሻለሁ። አማቷ ከጠየቀች የቀለም ሰዎች ስጦታ ነው በያት። ሰማያዊ ላይ ሰማያዊ ማን ይለያል?

ተነሣሽ እንዴ? … ተራሽ እኮ ደርሶ ነበር። እንግዲህ ልቀቂው፣ ለሌላው ይትረፍ። ሩላንን ጥሪያት፣ አብረን እንወርዳለን፣ ዶክተር ፋን ከሰዓትም ትሠራለች። አባባ፣ እርስዎም? ኮፍያዎን ረስተዋል፣ አግዳሚው ላይ ነው። አይ፣ እኔ ምንም አላልሁም አባባ፣ እኔ ሙገሳ ነው ሳወራ የቆየሁት። ልጅ የታቀፍሽውም ትሄጃለሽ? ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።

ቆይ፣ ጥቅሉን ልፍታው። ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ እኔም ሰንደቅ አሠርቻለሁ። የወለድኋት ልጅ ከሞት ተርፋ ሳላመሰግን ብቀር ሰው ምን ይለኛል? ቀይ ሐር አልገዛሁም፣ በገዛ ጉድጓዴ የነከርሁት ነው። ፊደሉን በሰም ጽፌ ስነክረው ነጭ ሆኖ ወጣ፣ አየሽ? "ለንጹሕ እጆች።" ሌላ ምንም አልጨመርሁበትም። የላኪውንም ስም አልጻፍሁ፣ ባለቤቱ የጉድጓዱን ቀለም ያውቀዋል።

ወንበሩን አቅርቢልኝ… እዚህ መጋረጃው ዘንግ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ መውጫው ላይ። ከነዚያ ቀያዮቹ ጋር ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ልቤ አልወሰደኝም። አንድ ነገር ብቻ አለበት። አጣደፈኝና ሳላጥበው ነው ያመጣሁት፣ ቀለሙ ገና አልጠበቀም። የነካውን ይይዛል፣ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ እሳቸው እንዳይነኩት። ወጥተው ቀጥሎ ማነው ለማለት ግን እንግዲህ መግለጥ ሊኖርባቸው ነው… አይ፣ ግድ የለም፣ ሰው የለ፣ ምን ያስወጣቸዋል? ልጣጩን ስጪኝ፣ መሀረቤን ልቋጥረው። ወለሉን እንዳገኘነው እንተወው።

ሳልመርቃቸው ግን አልሄድም፤ የአባቶቻችን ወግ ነው። አሜን በይልኝ ሁዊዢን፣ ሩላን አንቺም በይ። ሰማይ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ቤታቸው ይሙላ፣ ፎቁ ላይ ፎቅ ይጨመርላቸው፣ ልጆቻቸው በባሕሩ ዳር እንደሳቁ ይደጉላቸው። ሕመም አይንካቸው፤ ከነካቸውም ያው ከብልቃጣቸው ይቀቡና ደስ ይበላቸው። እነዚያ እጆቻቸው እንዲሁ እንደ ነጡ ይኑሩላቸው፣ አንዲት ጠብታ ቀለም አትድረስባቸው። ያ የጠፋብን ልጅም የትም ይሁን የት ደህና ይሁንልኝ፣ አዝዬ ያሳደግሁት ነው። ዕድሜውን ጠግቦ፣ ቀኑ ደርሶ ወደ እናቱ ሲሄድ፣ እሷም ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እጇን ዘርግታ ስትፈልገው… በእጁ ትለየው።